ስለ ፕሮፍ፣ ዘግይቼም ቢሆን

ወዳጆቼ፣ ይሄ ጽሑፍ ረዘም ይላል። ላሳጥረው ሞክሬ አልሆነልኝም። ዳታ የቸገረው ይለፈው፣ አልቀየምም።

የሶሲዮሎጂ መምህሬ አርፈዋል። ዜናውን ያየሁት እዚሁ ፌስቡክ ላይ ነው። የመጨረሻውን ክፍለ ጊዜ ጨርሼ፣ የጠመኔውን ብናኝ ከእጄ ሳላራግፍ ስልኬን ስከፍት ፎቷቸው ተለጥፏል። ከሥሩ ሻማው፣ «ነፍስ ይማር»፣ «ትልቅ ሰው አጣን» ተደርድሯል። እኔም ልጽፍ ጀመርኩና ተውኩት። ለምን ብትሉ፣ እኚህን ሰው 15 ዓመት ሙሉ ሸሽቻቸዋለሁ። የሸሹትን ሰው በሻማ ስቲከር መሸኘት ከበደኝ።

ስማቸውን አልጠራም። ያወቃችሁ አውቃችኋል። እሳቸውም ስማቸው በአደባባይ ሲጠራ የሚሸማቀቁ ሰው ነበሩ። እኛ ተማሪዎቻቸው «ፕሮፍ» ነበር የምንላቸው፣ እዚህም እንደዚያው ልበላቸው።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት በ2000 ዓ.ም. ነው። እኛ የፕላዝማ ልጆች ነን። ሃይስኩል እያለን ቴሌቪዥኑ ግድግዳ ላይ ተሰቀለና መምህሮቻችን ዳር ይዘው ቆሙ። ቴሌቪዥኑ በእንግሊዝኛ ይሮጣል፣ «አሁን መልሱን ጻፉ» ይላል፣ እስክሪብቶ ሳናነሳ «በጣም ጥሩ» ብሎ ያልፋል። ብትጠይቀው አይሰማህም፣ ብታለቅስ አያይህም። እንደዚያ ተምረን የመጣን ልጆች ክፍል ውስጥ ፕሮፍ ጥቁር ጃንጥላቸውን ይዘው ገቡ (በጋ ከክረምት ያቺን ጃንጥላ አይለዩዋትም ነበር)፤ የመጀመሪያውን ቀን ሙሉውን ስማችንንና የመጣንበትን በመጠየቅ ጨረሱት። 64 ነበርን። በሦስተኛው ሳምንት ሁላችንንም በስም ይጠሩን ነበር።

እኔ ጋ ሲደርሱ «ከየት ነህ?» አሉ።

«ከመንዝ።»

«ከመንዝ የት?»

«ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ።»

ሳቁና «አንተማ መጽሐፍ የተጻፈብህ ሰው ነህ!» አሉኝ። ክፍሉ ሳቀ። እኔ የቀለዱብኝ መስሎኝ አንገቴን ደፋሁ። ለካ እውነታቸውን ነው። ዶናልድ ሌቪን የሚባል አሜሪካዊ ሶሲዮሎጂስት መንዝ ድረስ ሄዶ፣ ከሰው ጋር ኖሮ፣ አማርኛ ተምሮ፣ እ.ኤ.አ. በ1965 «ሰምና ወርቅ» የሚል መጽሐፍ አሳትሟል። ስለ መንዝም ጽፎበታል። በማግስቱ ፎቶ ኮፒውን ሰጡኝና «አንብበህ ሰውየው የተሳሳተበትን ነገር ልቀምልኝ» አሉኝ። እስቲ አስቡት። ከዚያ ቀን በፊት መጽሐፍ የተባለ ነገር ይሸመደዳል እንጂ ይሳሳታል ብሎ የነገረኝ ሰው አልነበረም።

ሌላም ትዝ ይለኛል። ከወለጋ የመጣ ልጅ እጁን አወጣና «ሽፋኑ ላይ የኢትዮጵያ ባህል ይላል፣ ውስጡ ግን በአብዛኛው ስለ አማራ ነው፤ ይሄ እንዴት ይሆናል?» አለ። ክፍሉ ጸጥ አለ። በዚያ ጊዜ እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ከክፍል ወጥቶ ዶርም ውስጥ ጠብ ይሆን ነበር። ፕሮፍ አልተቆጡም፣ አላለባበሱትምም። «ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በሁለት ገጽ ጻፈው» አሉት። ልጁ ጻፈ። ከዚያ የዚያኑ ደራሲ ሁለተኛ መጽሐፍ፣ በ1974 የወጣውን «ታላቋ ኢትዮጵያ» የሚለውን አምጥተው «ጥያቄህን እዚህ መልሶልህ እንደሆነ አንብብና ንገረን» አሉት። አንድ ወር ሙሉ ተከራከርን፣ ማንም ከማንም ጋር አልተጣላም።

ደግ ናቸው ስል አንዳንዶቻችሁ «ማርክ ያዘንባሉ ማለት ነው» ትሉ ይሆናል። አይደለም! የመጀመሪያው ወረቀቴ ከ25 11 ነው ያመጣው። ከኢንተርኔት ገልብጬ ነበር። ክፍል ውስጥ አላዋረዱኝም፤ ቢሮ ጠሩኝና ሻይ አዘዙልኝ። ወረቀቱን ፊቴ አስቀምጠው «እንግሊዝኛው ያምራል። አንተ ግን የት አለህ?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ሁለት ሳምንት ሰጡኝ፣ ርዕሱንም ራሴ እንድመርጥ። «ሰፈርህ ውስጥ ሰዎች የጋራ የሆነን ነገር እንዴት እንደሚካፈሉ ጻፍልኝ። ላይብረሪ አትግባ፣ እናትህ ጋ ደውል።»

እናቴ ስልክ አልነበራትም። የገናን ሰሞን አገር ቤት ሄጄ አያቴን ጠየቅኋት። የነገረችኝ ስለ ጓሳ ነው። መንዝን የማታውቁ ካላችሁ፣ ጓሳ ከፍታው ላይ ያለ ሰፊ የሣር ምድር ነው፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ የሚኖሩበት። ሣሩ ለቤት ክዳን ይሆናል፣ ለገመድ ይሆናል፣ ዝናብ የሚከላከለው ገሳም ከሱ ይሠራል። ይሄን ሣር የአገሩ ሰው ከ17ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ከሰው መሐል ሹም ይመረጣል፣ ጓሳው ይዘጋል፤ አንዳንዴ ሦስት፣ አንዳንዴ አምስት ዓመት። በዚያ መሐል ማጭድ ይዞ የገባ ወዮለት። ሣሩ ሲደርስ ቀን ይቆረጥና ይታወጃል፣ ሁሉም በአንድ ቀን ይገባል። በ1967 የመሬት አዋጅ ሲመጣ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ ቆየት ብሎ ሕዝቡ ራሱ በሌላ መልክ መልሶ አቆመው። አያቴ ይሄን ሁሉ የነገረችኝ ጥጥ እየፈተለች፣ በመሐል እኔን «ይሄን የማያውቅ ልጅ ነው ዩኒቨርሲቲ ያለው?» እያለች እየሰደበችኝ ነው።

ጻፍኩት። ወረቀቱ ተመልሶ ሲመጣ ዳር ዳሩ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ሞልቷል። አያቴ የተናገረችበት ቦታ ላይ «ይቺ ሴት ምንጭህ ናት። ማክስ ቬበርን እንደምትጠቅሰው አድርገህ ስሟን ጥቀስ» የሚል አለ። ከኋላው ደግሞ ጋሬት ሃርዲን የሚባል ሰው በ1968 የጻፈውን ዝነኛ መጣጥፍ ፎቶ ኮፒ አያይዘውበታል። ሃርዲን የሚለው ባጭሩ፣ የጋራ ግጦሽ ካለ እያንዳንዱ እረኛ አንድ ከብት እየጨመረ እየጨመረ በመጨረሻ ሜዳው ይራቆታል ነው። ፕሮፍ ከላዩ ላይ ጽፈዋል፦ «የአንተ ሰፈር ከዚህ ሰው ጋር አይስማማም። ለምን?»

እዚህ ላይ ቆም ብዬ አንድ ሒሳብ ልሥራ። 64 ተማሪ፣ አንዱን ወረቀት እንደዚያ አድርጎ ለማረም ቢያንስ 40 ደቂቃ። ከ42 ሰዓት በላይ ነው። ለአንድ ኮርስ፣ ለአንድ አሳይንመንት። ያን ጊዜ ተፈጥሯቸው ደግ ስለሆነ ብቻ ይመስለኝ ነበር። አሁን መምህር ሆኜ ሳየው ሰውየው እንቅልፋቸውን ነው የሰጡን።

ሁለተኛ ዓመት ሳልጨርስ አባቴ ሞተ። የበኩር ልጅ እኔ ነኝ፣ ከኔ በታች አራት አሉ። ለመውጣት ክሊራንስ ስዞር የዲፓርትመንቱን ፊርማ የሚፈርሙት ፕሮፍ ነበሩ። አልፈረሙም። አስቀመጡኝና «ከባቻችሁ እስካሁን ስንት ሰው አቋርጧል?» አሉኝ። ቆጠርን፣ 11 ደረሰ። ከዚያ ክፍል ውስጥ ያስተማሩንን ደገሙልኝ። ራይት ሚልስ በ1959 የጻፈው ነው። መቶ ሺህ ሰው ባለበት ከተማ አንድ ሰው ብቻ ሥራ ቢያጣ የሰውየው የግል ጣጣ ነው፤ ጠባዩን፣ ችሎታውን እናያለን። 50 ሚሊዮን ሠራተኛ ባለበት አገር 15 ሚሊዮኑ ሥራ ካጣ ግን የአገር ጉዳይ ነው፣ የእያንዳንዱን ሰው ጠባይ በመመርመር መልስ አይገኝለትም። «ስለዚህ አንተ ሰነፍ ስለሆንክ አይደለም የምትሄደው። ይሄን ያዝ» አሉኝ። ትንሽ ዝም ብለው ደግሞ «ግን ቲዎሪ አያርስም። ሂድ፣ ወንድሞችህን አብላና ተመለስ። በሩን እኔ እይዝልሃለሁ» ብለው ፈረሙ።

በሩን በእውነትም ያዙልኝ። ጥቅምት 2 ቀን 2002 ዓ.ም. ማታ ይሁን በማግስቱ በደንብ አላስታውስም፣ ብቻ ገብስ እያጨድን በነበረበት ሰሞን ነው፣ ስልኬ ጮኸ። ኔትወርክ ለማግኘት ጉብታው ላይ ወጣሁ። ፕሮፍ ናቸው፣ እየሳቁ።

«ሬዲዮ ሰማህ?»

«አልሰማሁም ፕሮፍ፣ አጨዳ ላይ ነን።»

«አንዲት አሜሪካዊት የአያትህን ሐሳብ ይዛ ኖቤል ወሰደች!»

ኤሊኖር ኦስትሮምን ማለታቸው ነው። የኢኮኖሚክስን ኖቤል ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት። በ1990 ባሳተመችው መጽሐፍ የስዊስ ተራራ መንደሮች፣ የጃፓን ገበሬዎች፣ የስፔን የመስኖ ማኅበሮች የጋራ ሀብታቸውን ያለ መንግሥትም ያለ ነጋዴም ራሳቸው ባወጡት ሕግ ለመቶ ዓመታት ጠብቀው እንደኖሩ አሳይታለች። ጓሳ መጽሐፏ ውስጥ የለም፤ ነገሩ ግን ያው ነው። ፕሮፍ በስልክ 20 ደቂቃ አስረዱኝ፣ በራሳቸው ካርድ። መጨረሻ ላይ «የመመለሻ ማመልከቻህን ጽፌ አስቀምጬዋለሁ፣ ፊርማህ ነው የቀረው» አሉ።

አልሄድኩም። በዚያ ዓመት አልቻልኩም፣ ይሄ እውነት ነው። በሚቀጥለው ዓመት ብፈልግ እችል ነበር፤ ይሄም እውነት ነው። መምህራን ኮሌጅ ቀረብ ይል ነበር፣ ቶሎም ደሞዝ ያስገኝ ነበርና እዚያ ገብቼ ዲፕሎማዬን ያዝኩ። ሲደውሉ መጀመሪያ «እመጣለሁ» እላለሁ፣ ኋላ ስልኩን እያየሁ ዝም ማለት ጀመርኩ። በየእንቁጣጣሹ ቴክስት ይልኩልኝ ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ሲም ቀየርኩ። ቁጥሬን አልላክሁላቸውም።

አሁን ሥነ ዜጋ የማስተምረው ሃይስኩል ነው፣ በዲፕሎማ። በደንቡ ዲግሪ ያስፈልጋል፤ በእኛ በኩል ሰው ስለሌለ እየሠራሁ ነው። ሱፐርቪዥን በመጣ ቁጥር የትምህርት ደረጃ የሚለው ሳጥን ላይ ስደርስ እጄ ይከብደኛል።

በጣም የማፍርበትን ልንገራችሁ። በ2006 ዓ.ም. ለሥልጠና እዚያው ከተማ ሄድኩ። በዩኒቨርሲቲው በር ሳልፍ ፕሮፍ ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ሻይ ቤቱ ሲሻገሩ አየሁ። ሸብተዋል፣ ቀስ ብለው ነው የሚሄዱት። በመሐላችን 30 ሜትር ቢሆን ነው። ምን አደረግሁ? የቆመች ባጃጅ ኋላ ተደበቅሁ። እስኪያልፉ ጠበቅሁ። ሰውየው ምንም አላደረጉኝም! ባዶ እጄን፣ ማለትም ያለ ዲግሪ፣ ፊታቸው መቆም አቃተኝ። አንድ ሻይ ጠጥቶ «አላለቀልኝም ፕሮፍ» ማለት ነበር።

እንዲህ ያደረግሁት እኔ ብቻ አይመስለኝም። ክፉ መምህር መንገድ ላይ ስናገኝ ሰላም ብለን እናልፋለን፣ ምንም አልጠበቀብንማ። ደጉን ነው የምንሸሸው፤ ተስፋ ያደረገብንን ሰው። ከዚያ ሲሞት ፎቶውን እንለጥፋለን። ያን ቀን ኮሜንቶቹን ስቆጥር 300 አልፏል። ጡረታ ከወጡ በኋላ ያመማቸው ጊዜ ስንቱ ነው የሄደው? ይሄን የምለው ለመውቀስ አይደለም፤ ብወቅስ ከራሴ ነው የምጀምረው።

ሌላው መናገር የፈለግሁት፣ መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥ ዘወትር ስለምንከራከርበት ነገር ነው። «ደግ መምህር ተማሪ ያበላሻል» የሚል ባልደረባ አለኝ፤ ጥሩ ሰው ነው፣ እወደዋለሁ፣ ግን ተሳስቷል። ደግነት ማለት ዝም ብሎ ማሳለፍ ይመስለዋል። ፕሮፍ አላሳለፉኝም። 11 ሰጥተውኝ ሦስት እጥፍ አሠሩኝ። ልዩነቱ 11 ስሰጥህ ከማን ጋር እንደምነጋገር አውቃለሁ ማለታቸው ነው። በዱላና በስድብ የሚመጣው ጸጥታ ደግሞ ምን እንደሚያስተምር እኛው አይተነዋል።

ውጤቱንም አይተናል። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና ከተቀመጡት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ነበሩ። በ2015 ደግሞ 3.2። አንድም ተማሪ ያላሳለፈ ትምህርት ቤት ስንት ነበር! በዚያን ሰሞን ድሮ 9ኛ ክፍል ያስተማርኳት ልጅ እያለቀሰች መጣች። «ቲቸር፣ እኔ ደደብ ነኝ» አለች። አባቷም፣ ሰፈሩም እንደዚያ ብሏታል፤ የኛም ማረፊያ ክፍል «የዘንድሮ ልጆች ቲክቶክ ጨረሳቸው» ብሎ ፋይሉን ዘግቷል። እኔ ሳላስበው የሚልስን ነገር ነበር የነገርኳት። ከመቶ አንዱ ቢወድቅ ያንን ልጅ እንጠይቃለን። ከመቶ 97 ሲወድቅ ስለ አንቺ ጭንቅላት ምን ሊነግረን ይችላል? አፌ ላይ የመጣው የፕሮፍ ድምፅ ነው፣ ያቺ የመሸበት ቢሮ ነች። ልጅቷ ወዲያው ተጽናናች ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ማልቀሷን ትታ «ታዲያ የማን ጥፋት ነው?» ብላ ጠየቀችኝ። እሱን ተቀምጠን ብዙ አወራን፤ በመጨረሻ «እና እኔስ የድርሻዬ የቱ ነው?» እስከማለት ደረሰች። ደደብ የተባለ ሰው ይሄን አይጠይቅም፣ ቤቱ ገብቶ ይተኛል።

ይሄን ሥራ የሚቆጥር ፎርም ግን የለም። የቢፒአር፣ የቢኤስሲ፣ የሲፒዲ ማኅደር ስንቱን ሞልቻለሁ፤ ስንት ዕቅድ አወጣህ፣ ስንት መርጃ መሣሪያ አዘጋጀህ ይላል። ስንት ልጅ በስም ታውቃለህ የሚል አይቼ አላውቅም። እኔም ቅዱስ አይደለሁም። 5 ሴክሽን አለኝ፣ በየክፍሉ ከ60 በላይ ልጅ፤ እንደ ፕሮፍ ሁሉንም በአረንጓዴ እስክሪብቶ ልረም ብል ቤቴን ነው የምፈታው። የቻልኩት በየሴሚስተሩ አሥር ወረቀት መርጦ በደንብ ማረም ነው። የተረፉት ልጆች ራይት ብቻ ነው የሚያገኙት። ይሄን ስጽፍም ያመኛል። ደግነትን ከመምህር የሚጠብቅ አገር 60 ልጅ አንድ ክፍል ውስጥ አያጭቅም ነበር እላለሁ፣ ይሄንንም የተማርኩት ከሳቸው ነው።

ለሠልስቱ ደረስኩ። ድንኳኑ ውስጥ ጥግ ይዤ ተቀመጥኩ። ባለቤታቸው ቀርበው «የኔ ልጅ፣ የትኛው ነህ?» አሉኝ። ስሜን ብነግራቸው አያውቁትም ብዬ «ከመንዝ ነኝ እማማ፣ ተማሪያቸው ነበርኩ» አልኩ። ትንሽ አዩኝና «የሣሩ ልጅ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ምን እንዳልኩ አላስታውስም። ወጥቼ ድንኳኑ ኋላ ቆምኩ፣ የዕድሩ ሰዎች ውኃ አቀበሉኝ።

«አሁንስ ትመለሳለህ ወይ?» ብላችሁ ኢንቦክስ እንዳታደርጉብኝ። አላውቅም። 36 ዓመቴ ነው፣ ሁለት ልጆች አሉኝ፣ የክረምት ኮርሱን ክፍያ ጠይቄያለሁ፣ ውድ ነው።

የ40 ቀናቸው ቅዳሜ ነው። የ2000 ባች የሆናችሁ፣ ያቋረጣችሁትም ጭምር፣ በተለይ ያቋረጣችሁት፣ ብትመጡ ባለቤታቸው ደስ ይላቸዋል። በአረንጓዴ የታረመ ወረቀት ያስቀመጠ ካለ ይዞ ይምጣ፣ ልጆቻቸው ማየት ይፈልጋሉ። የኔ አይጥ ጫፉን በልቶታል እንጂ አለ። ዓርብ ከሰዓት ከመሐል ሜዳ የሚነሳ መኪና ያለው ሰው አንድ ቦታ ይያዝልኝ፤ ስልኬ ፕሮፋይሌ ላይ አለ፣ አሁን ሲም አልቀይርም።